የአያቴን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ማውጣትና የሙት ዓመታቸውን ቀን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የልጅ ልጅ (ባሕር ዳር)፣ ጥቅምት 2018

እንደምን ከረማችሁ። አያቴ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት አረፉ። ቤተ እስራኤል ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጎንደር በኩል መጥተው እዚሁ ባሕር ዳር ሸማ እየሠሩ እናቴንም እኛንም አሳደጉ። አርብ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መወርወሪያቸውን ያስቀምጣሉ፣ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ነጭ ይለብሳሉ። በሰንበት እሳት ስለማይነድ ዳቦው አርብ ይጋገራል፤ እሳቸው ባርከው ቆርሰው ከትንሿ ጀምረው ያድሉን ነበር። አስተስርዮና ስግድ የተባሉት በዓሎቻቸው ሲደርሱ ግን ባሕር ዳር አይገኙም። በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አድርገው ጎንደር ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ወገባቸው ታሞ እንኳ፣ በዱላ ተደግፈው ሄደዋል። «የሄድኩ እንደሆነ አንድ ሰው እጨምራለሁ፤ የቀረሁ እንደሆነ አጎድላለሁ» ይሉን ነበር።

ግንቦት 1983 ወንድማቸው ወደ እስራኤል ሲሄድ እሳቸው የታመሙ እናታቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። በኋላ ለወንድማቸው ሊልኩ የቀዱትን ካሴት አሁን ሳጥናቸው ውስጥ አገኘሁት። ባለ 60 ደቂቃ ነው። በአንዱ ገጽ «ሰላምታ»፣ በሌላው «ጸሎት» ብለው ጽፈውበታል። ሳጫውተው ክሩ ተጠመጠመ፤ ደንግጬ አጠፋሁት። እንዴት ላድነው? ሙት ዓመቱስ በየትኛው ቀን ይታሰብ? ለቅሶ የደረሱን የእድር ሰዎች ሁሉም ክርስቲያን ናቸው። ምን ላቅርብላቸው፣ ምንስ ብዬ ስለ እሳቸው ልናገር?

ቴፕ ጠጋኝ (ደብረ ማርቆስ)

እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ከእንግዲህ በዚያ ቴፕ እንዳትሞክሪው። መጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሪያቸው፤ ያን ጊዜ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። የወጣውን ክር በጣትሽ ሳትጎትቺ፣ እስክሪብቶ ከካሴቱ ጥርሳም ቀዳዳ አስገብተሽ ቀስ እያልሽ አጠንጥኚ። ከተበጠሰ ተራ ፕላስተር አትለጥፊበት፤ ሙጫው እየወጣ ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል፣ ያበላሸዋል። የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰጂው።

ደህና ቴፕ ተዋሺና ሄዱንና ክሩን የሚስበውን ጎማ አጽጂ፤ ሄዱን በአልኮል በራሰ ጥጥ፣ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ። ሳታጫውቺ እስከ መጨረሻው አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አጠንጥኚው፤ ተጣብቆ የቆየው ክር ይላቀቃል። ባለ 60 መሆኑ ደግ ነው፤ ከባለ 90 ወፈር ያለ ክር አለው። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በጃክ ገመድ ወደ ላፕቶፕ አገናኝተሽ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ቅጂ። ቻርጀሩን ንቀዪ፤ እምምም የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሱ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዋቭ ፋይል አስቀምጪ፣ በስልክ የሚላከውን ኤምፒስሪ ከሱ ታወጫለሽ። አንዱን ቅጂ እስራኤል ላሉት ዘመዶች ላኪ።

የማኅበሩ ልጅ (ጎንደር)

ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑር። ኅዳር 21 ቀን 2017 በዕብራይስጡ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ነበር። ያ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ በየዓመቱ ከእኛው ቀን ጋር አይገጥምም፤ ዘንድሮ ሔሽቫን 29 የሚውለው ሐሙስ ኅዳር 11 ነው። ቀኑ የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነውና የመታሰቢያውን ሻማ ረቡዕ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሩ።

ልብ በይ፣ ሔሽቫን 29 ራሱ ስግድ ነው፤ ከአስተስርዮ በኋላ ሃምሳኛው ቀን። ሰው ጾሞ፣ ኦሪቱን ይዞ ወደ ከፍታ የሚወጣበት፣ ቄሶቹ በጥላ ሥር ሆነው የሚያነቡበት ቀን። ጾሙ ከቀትር በኋላ ይፈታል፤ ስለዚህ እንግዶችሽን ለ9 ሰዓት ጥሪያቸው። ለሞተ ሰው መታሰቢያ የሚባለው ጸሎት፣ ካዲሽ፣ ቢያንስ 10 ወንዶች ካልተገኙ አይባልም። እሱን እዚህ ጸሎት ቤት እናደርሳለን፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ላኪልን። ካዲሽ ውስጥ ስለ ሞት አንድም ቃል የለም፣ የፈጣሪን ስም መቀደስ ብቻ ነው።

ካሴቱን ግን ለእንግዶች ባታሰሚ ደስ ይለኛል። ጸሎት ነው፣ ማዳመጫ አይደለም።

እናት ዓለም (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ የጾም ምግብ አድርጊ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዳቦ። እነሱ ያረዳችሁትን አይበሉም፣ እናንተም ያረዱትን አትበሉም፤ በሽሮ ግን ማንም ማንንም አያሳፍርም። ኅዳር 21ን ብትይዢ ደግሞ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ሐሙስ ኅዳር 11 ካደረግሽው ግን ማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሴቶቹን አታስመሽያቸው።

ስለ ካሴቱ ከጎንደሩ ወንድሜ ጋር አልስማማም። ያ ጸሎት በግዕዝ አይደለም እንዴ? የእኛም ቅዳሴ በግዕዝ፣ ዳዊቱም አንድ ዳዊት። ጎረቤቶቹ ሰውዬው አርብ ማታ በር ዘግተው ምን ይሉ እንደነበር አንድ ቀን ይስሙ። ንግግር አትጻፊ፤ ያን የዳቦውን ነገር እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው፣ ይበቃል።

የማኅበሩ ልጅ (ጎንደር)

እናቴ፣ ዳዊቱን በተመለከተ እውነትዎን ነው። እንግዲያስ ቆመው ይስሙት።

የልጅ ልጅ (ባሕር ዳር)፣ ኅዳር 13

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ካሴቱ ድኗል፣ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ይንተባተባል እንጂ። በሰላምታው ገጽ አያቴ የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ማን ትምህርት እንደገባ፣ ማን ጥርስ እንዳወጣ ለወንድማቸው ይነግራሉ። ግማሽ ሰዓቱ በሙሉ ይኸው ነው። ወንድማቸው በስልክ ሰምተው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ከዚያ «እንደገና ክፈቺልኝ» አሉኝ።

ሐሙስ የጸሎቱን ገጽ ስከፍት ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። አያቴ «ግነዩ ለእግዚአብሔር እስመ ኄር» ብለው ሲጀምሩ፣ ከበሩ አጠገብ የቆሙት የእድሩ ዳኛ ቀስ ብለው «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» አሉ። ቀጥሎ ሌሎቹም ተቀበሉ። ካሴቱ እስኪያልቅ አያቴ ይመራሉ፣ ጎረቤቶቻችን ይቀበላሉ።

ዳቦውን እኔ ቆረስኩ፣ ከትንሿ ጀምሬ።