የአባት ሥራ እና ሮማን ሬንስ
ሰላም ለሁላችሁ። «ልጄ የእኔን ሥራ እንዳይወርስ» እያላችሁ ስትከራከሩ ሰነበታችሁ። እኔ ደግሞ ከሬስሊንግ፣ ከዚያ ከቴሌቪዥኑ የትግል ትርኢት፣ ያገኘሁት ነገር አለኝ። አትሳቁብኝ።

ልጄ «ሮማን፣ ሮማን» ሲል የክፍሉ ልጅ መስላኝ ነበር። ለካስ ጢማም ግዙፍ ሰውዬ ነው! ታጋዩ ሮማን ሬንስ። እውነተኛ ስሙ ጆ አኖአይ ነው።

አባቱ ሲካና አጎቱ አፋ ከአሜሪካ ሳሞአ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የመጡ ናቸው። እነሱም ታጋዮች ናቸው። በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የጥንድ ሻምፒዮን ሲሆኑ ስማቸው «የዱር ሳሞአውያን» ነበር። በትርኢቱ ላይ ሥራቸው እያጓሩ ጥሬ ዓሣ መብላት። እንግሊዝኛ አያውቁም ተብሎ አስተዳዳሪያቸው ሉ አልባኖ ይናገርላቸዋል። ልብ በሉ፣ አፋ የአሜሪካ ማሪን ወታደር የነበረ ሰው ነው። እንግሊዝኛ ጠፍቶት ነው? እንጀራ ነዋ።

የሲካ ልጅ ሮማን መጀመሪያ ወደዚህ ሥራ አልሄደም። ፍሎሪዳ ተወልዶ በጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫወተ፣ አምበልም ሆነ። በ2007 የፉትቦል ክለቡ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ አስፈርሞት ወዲያው አሰናበተው። በዚያው ሰሞን፣ በ22 ዓመቱ፣ የደም ካንሰር ተገኘበት። ሥራ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ልጅ ሊወለድ ነው። ይህን ሁሉ ለሕዝብ የተናገረው በ2018 ነው። ሕመሙ ጋብ ሲልለት በ2008 ካናዳ፣ ኤድመንተን ሄዶ አምስት ጨዋታ ተጫወተ። እዚያም አበቃ።

ወደ አባቱ ሥራ የዞረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2010 ነው። ፍሎሪዳ በነበረው የሬስሊንግ ጀማሪዎች ሊግ ሊያኪ በሚል ስም ገባ። የመጀመሪያ ግጥሚያውን ተሸነፈ። ያሸነፈው ሪቺ ስቲምቦትም የሬስለር ልጅ ነው። በኅዳር 2012 ከዲን አምብሮስና ከሴት ሮሊንስ ጋር «ዘ ሺልድ» የሚባል የሦስት ታጋዮች ቡድን ሆነው ዋናው መድረክ ላይ ወጡ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን የአባቱ ልጅ ባይሆን ማን በሩን ይከፍትለት ነበር? የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ ዘመድ የላቸውም።

የእኔ መልስ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ተመልካቹም እንዳንቺ ሳያስብ አልቀረም። በ2015 ፊላደልፊያ ላይ ሮያል ራምብል የሚባለውን የብዙ ታጋዮች ፍልሚያ ሲያሸንፍ አዳራሹ በተቃውሞ ጮኸበት። ዘመዱ ዘ ሮክ፣ ታዋቂው ታጋይና የፊልም ተዋናይ፣ ወጥቶ እጁን ቢያነሳለትም ጩኸቱ አልበረደም። በር መክፈትና ማስወደድ ለየቅል ናቸው።

እኔን የያዘኝ ግን የአባትየውና የአጎትየው ነገር፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ መምሰላቸው ነው። ለልጄ ስነግረው ትንሽ አሰበና «አባዬ፣ አንተስ ሥራ ቦታ እንግሊዝኛ የማትችል መስለህ ታውቃለህ?» አለኝ። ፓርኪንግ ነው የምሠራው። «አዎ፣ ደንበኛ ሲቆጣ» አልኩት።