እናቴ ያላለችውን ቅቤ እንዴት ሰማሁ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለበዓል እናቴ ገበያ ላከችኝ። አልጻፍኩም፣ በቃሌ ነው የያዝኩት። ዶሮ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ እንቁላል። አንዱም ሳይቀር ገዛሁ፤ በዚያ ላይ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ። እናቴ «ቅቤ ማን አዘዘሽ? አክስትሽ ከጎጃም ልካልን የለ?» አለችኝ። እኔ ግን ስትል ሰምቻታለሁ! አጠገባችን የነበረው ታናሽ ወንድሜም «አላለችም» አለ። የገንዘቡ ነገር ይቅር። ያልተባለ ነገር እንዴት እንዲህ ጥርት ብሎ ይታወሰኛል? ገና 26 ዓመቴ ነው።

የሳይኮሎጂ ተማሪ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ሁላችንም ላይ ይደርሳል። በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው። ጄምስ ዲስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1959 እ.ኤ.አ. ለሰዎች የቃላት ዝርዝር አነበበላቸው። ቃላቱ በሙሉ የአንድ ያልተጠራ ቃል ዘመዶች ነበሩ። ሮዲገርና ማክደርሞት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ነገሩን እንደገና አነሱት። አልጋ፣ እረፍት፣ ህልም፣ ድካም እያሉ ያነባሉ፤ «እንቅልፍ» ግን አይሉም። በመጀመሪያው ሙከራቸው ሰዎቹ ያልተነበበውን ቃል 40 በመቶ ያህል ጊዜ ሰምተናል ብለው ጻፉት። በሁለተኛው ደግሞ ብዙዎቹ «ሲነበብ ትዝ ይለኛል» አሉ።

አሁን ያንቺን ዝርዝር እይው። ሰባቱም የዶሮ ወጥ ናቸው! እያንዳንዱ ቃል ቅቤን ትንሽ ትንሽ ይቀሰቅሰዋል። ሰባት ጊዜ ከተቀሰቀሰ በኋላ ከእናትሽ አፍ ይምጣ ከራስሽ ሐሳብ መለየት ይከብዳል።

ባለሱቅ፦
እኔ ጋ የሚላኩ ልጆች ጨምረው አያውቁም፣ የሚረሱ ናቸው። ስኳርና ሻይ ቅጠል ተከታትለው ይመጣሉ። ክብሪቷ ናት መንገድ ላይ የምትቀረው።

የሳይኮሎጂ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ትክክል ነዎት። ቦስፊልድ የተባለ ተመራማሪ በ1953 እ.ኤ.አ. እንስሳ፣ የሰው ስም፣ ሙያና አትክልት የሆኑ 60 ቃላት ቀላቅሎ አንብቦ ነበር። ሰዎቹ ሲያስታውሱ ግን እንስሳውን ከእንስሳ፣ አትክልቱን ከአትክልት እየሰበሰቡ ነው የመለሱት። ክብሪቷን የሚጎትት ዘመድ የላትም። ቅቤው ደግሞ ዘመድ በዝቶበት ሳይጠራ መጣ።

ጠያቂ፦
ትናንት ቡና ላይ ሞከርኩት። ትራስ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ማዛጋት፣ ህልም፣ ሌሊት፣ ማንኮራፋት አልኳቸው። በረካው እስኪቀዳ ጠብቄ «እስቲ ምን ምን አልኩ?» ብዬ ጠየቅኩ። እናቴ ቀድማ «እንቅልፍ» አለች። አላልኩም ብላት «ልጄ፣ በጆሮዬ ሰምቼ!» አለችኝ። ወንድሜም «አዎ፣ ብለሻል» ብሎ መሰከረላት።