ሙስሊም ባልደረባዬ ስለ እምነቴ ጠየቀኝ፤ ሳልሸሽግና ሳላስቀይመው እንዴት ልመልስለት?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። በእኔ ፈረቃ የሚሠራ፣ እንደ ወንድሜ የማየው ሙስሊም ባልደረባ አለኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ድንኳኑን የተከለው እርሱ ነው። በእርሱ ሰርግ ደግሞ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ የሚታረደውን በሬ ገበያ ወርጄ የመረጥሁት እኔ ነኝ።

በቀደም ማሽን ቆሞ ጥገና ስንጠብቅ ሻይ እየጠጣን «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን እንዳትቀየመኝ» አለና፣ «እናንተ እግዚአብሔር ልጅ ወለደ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ሚስት አለው ልትሉ ነው?» አለኝ። ፊቱ ላይ ፌዝ የለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ማሽኑ ተነሣና «ሌላ ቀን በሰፊው እነግርሃለሁ» ብዬው ወደ ሥራችን ገባን።

ዘመዶቼ «ወሎ ተዋድዶ የኖረው እንዲህ ያለ ነገር ባለማንሳቱ ነው፤ ሁሉም አንድ ነው በለውና እለፈው» ይሉኛል። እኔ ግን ሁሉም አንድ ነው ብዬ አላምንም። ለክርስቶስ የምሰግደው አምላኬ ስለሆነ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ የእርሱን ሃይማኖት የሚያንቋሽሹ ቪዲዮዎች ይልኩልኛል። በእንዲህ ያለ አፍ ወንድሜን ላናግረው አልፈልግም። ታዲያ ምን ብዬ ልንገረው?

መልስ (ከደሴ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር)

ልጄ፣ በመጀመሪያ የጠየቀህን መልስለት፤ ያልጠየቀህን አትጨምርበት። እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በሶላቱ አዘውትሮ የሚቀራው የቁርኣን ምዕራፍ፣ ሱረቱል ኢኽላስ፣ አላህ አልወለደም፣ አልተወለደም ይላል። ስለዚህ «ወለደ» ስትለው የሚመጣበት የባልና የሚስት ነገር ነው። ያንን እኛም አጥብቀን እንደምንክድ አስቀድመህ ንገረው። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ልደት ታስተምራለች፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ብለው የወሰኑት ይህንኑ ነው። ብርሃኑ ከፀሐይ ሲወጣ ፀሐይ ያለ ብርሃን የኖረችበት ጊዜ እንደሌለ ሁሉ ነው። ይህን ካልህ በኋላ ግን ነገሩን አታለዝበው። ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተነሣ፣ እሰግድለታለሁ በለው። እርሱ ስቅለቱንም አይቀበልም፤ ልዩነቱ ልዩነት ሆኖ ይቀመጥ።

ከጽሑፍህ ግን አንድ ነገር ላይ ቆምሁ። የፈረቃ ኃላፊ ነኝ ብለሃል። እንግዲያው ባልደረባህ አርብ ለጁምዓ የሚወጣው አንተ ስትፈቅድለት ነው። ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አድርገው ነበር። የወሎ ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ አሊ የተጠመቁት በዚያን ጊዜ ነው፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከተራው ሕዝብ ብዙው ተሰደደ፤ ብዙው ደግሞ በአደባባይ ክርስቲያን፣ በጓዳው ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ከአያቶቻቸው ይህን የሰሙ ሰዎች አለቃቸው ስለ ሃይማኖት ሲናገር በምን ጆሮ እንደሚሰሙት አስብ።

«መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ፥ ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ ጴጥሮስ የጻፈው በእንግድነት ለተበተኑ፣ የአገር ሥልጣን ላልነበራቸው ምእመናን ነው። አንተም ኃላፊነትህን ፋብሪካው በር ላይ ትተህ አናግረው። ከግቢው ውጭ ይሁን፣ ሰዓቱን እርሱ ይምረጥ።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ ሙስሊም ነኝ)

ጓደኛህን ብሆን የሚያስቀይመኝ «ሁሉም አንድ ነው» ብትለኝ ነው። ጠይቄህ ሳለ እንደ ሕፃን ሸንግለህ ስታልፈኝ እንደናቅኸኝ እቆጥረዋለሁ። የምታምነውን ንገረኝ፣ እኔም የማምነውን እነግርሃለሁ። ነቢያችንን ግን በክፉ አታንሳብኝ። ሰው በተሰበሰበበትም አይሁን፤ ተመልካች ካለ ሁለታችንም ላለመሸነፍ ስንል የማናስበውን እንናገራለን።

መልስ (ከደሴ)

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። መምህራችን ስለ ሥልጣን የጻፉት እውነት ነው፤ ስለ ኒቅያው ግን አልስማማም። የጉባኤ ታሪክ ከጀመርህለት ነገሩ ትምህርት ይሆንና የአንተ እምነት የቱ ጋ እንዳለ ይጠፋዋል። ጥያቄውን በሁለት ዓረፍተ ነገር መልስለት። ከዚያ እናትህን ስትቀብር ምን ተስፋ እንደያዝህ ንገረው። በዚያ ድንኳን ውስጥ አብሮህ ተቀምጧል፣ ስታለቅስም አይቶሃል። ክርስቶስ ከሞት ተነሥቷል ማለት ለአንተ ምን እንደሆነ ከዚያ ይልቅ የሚገባው ቦታ የለም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጁምዓውን ፈቃድ የሌላኛው ፈረቃ ኃላፊ እንዲይዘው ዛሬ ተነጋግረን ተስማምተናል፤ ለባልደረባዬም ነግሬዋለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦርከና ዳር ልንገናኝ ነው፤ ቦታውን የመረጠው እርሱ ነው። እኅቴ፣ ስለ እናቴ ያልሽውን እነግረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ የዮሐንስ ወንጌልን ይዤለት ልሂድ?

መልስ (መምህሩ)

ባዶ እጅህን ሂድ። ላንብበው ካለህ በማግስቱ ስጠው። እርሱም ቁርኣን ቢሰጥህ ተቀበለውና አንብብ።