ቦስተን ብሩይንስ በ2015 በተከታታይ የመረጣቸው ሦስት ተጫዋቾች በምን ሚዛን ይመዘኑ?

ጥያቄ፤ የቦስተን እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በቦስተን ከተማ አቅራቢያ ሲሆን፣ የ16 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቱ አንድ የጽሑፍ ሥራ ተሰጥቶታል። ሥራው አንድ ድርጅት የወሰነውን ከባድ ውሳኔ መርጦ፣ በውሳኔው ቀን በነበረው መረጃ ብቻ ሲታይ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት የሚለውን በማስረጃ መመርመር ነው። ልጄ የመረጠው የከተማችን የበረዶ ሆኪ ክለብ ቦስተን ብሩይንስ በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በድራፍቱ፣ ማለትም በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ ያደረገውን ነው። ክለቡ 13ኛውን፣ 14ኛውንና 15ኛውን ተራ በተከታታይ ይዞ ያኩብ ዝቦሪልን፣ ጄክ ደብረስክንና ዛካሪ ሴኒሺንን መረጠ፤ ወዲያው በሚቀጥሉት ሦስት ተራዎች ማቲው ባርዛል ወደ ኒው ዮርክ አይላንደርስ፣ ካይል ኮነር ወደ ዊኒፔግ፣ ቶማስ ሻቦት ወደ ኦታዋ ሄዱ።

ልጄ «ሦስት ኮከቦች ከፊታቸው ተቀምጠው ሦስቱንም አለፏቸው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም» ይላል። እኔ የማውቀው እግር ኳስን እንጂ ሆኪን አይደለም፤ ሆኖም ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንበት ሰግቼ ብዙ ተከራከርኩት። ድራፍቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ክለቡን መውቀስ ተገቢ የሚሆነውስ እስከ የት ድረስ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሥራውን የሚያስረክበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

መልስ፤ የካልጋሪ ነዋሪ

እህቴ፣ ከእግር ኳስ ወደ ሆኪ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው፣ የሰሜን አሜሪካ ክለቦች ታዳጊ ልጆችን በራሳቸው አካዳሚ አሳድገው የራሳቸው የማያደርጉ መሆናቸው ነው። ልጆቹ የሚያድጉት በካናዳ ሦስት ታላላቅ የወጣቶች ሊጎች፣ በአሜሪካ የወጣቶች ሊግና በዩኒቨርሲቲዎች፣ ወይም በአውሮፓ ክለቦች ውስጥ ነው። እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት የሚሞላቸው ልጆች በዚያው ዓመት በጋ መግቢያ ላይ ለምርጫ ይቀርባሉ። ያን ጊዜ 30 የነበሩት ክለቦች በሰባት ዙር በየተራ ይመርጣሉ፤ ውጤቱ ደካማ የነበረ ክለብ ቀድሞ እንዲመርጥ ይደረጋል፤ የአንደኛውን ተራ ባለቤት ግን የሚለየው ዕጣ ነው። የተመረጠ ልጅ መብቱ ለተወሰኑ ዓመታት በመራጩ ክለብ እጅ ስለሚቆይ፣ እነዚህ ክለቦች በሚወዳደሩበት ዋና ሊግ (ኤንኤችኤል) ውስጥ ከፈለገው ክለብ ጋር መፈረም አይችልም።

ለልጅዎ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን ተራው ራሱ እንደ ገንዘብ የሚመነዘር መሆኑ ነው። ከሦስቱ ተራዎች የቦስተን የራሱ የነበረው 14ኛው ብቻ ነው። 13ኛውን ያገኘው በድራፍቱ ዕለት፣ ጁን 26፣ ሚላን ሉቺችን ለሎስ አንጀለስ ሰጥቶ ሲሆን፣ ግብ ጠባቂው ማርቲን ጆንስና ተከላካዩ ኮሊን ሚለርም አብረው መጥተዋል። 15ኛውን ደግሞ በዚያው ቀን ከእኛ ከካልጋሪ ያገኘው ገና 22 ዓመቱ የነበረውን ተከላካይ ደጊ ሃሚልተንን አሳልፎ በመስጠት ነው፤ ለሃሚልተን 15ኛው፣ 45ኛውና 52ኛው ተራ ተከፈሉ። በዚያ ሰዓት እዚህ ከተማ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እንግዲህ ሴኒሺን በነፃ የመጣ ሙከራ አልነበረም። ዋጋው በአብዛኛው ሃሚልተን ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶን ስዊኒ ከተሾመ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ተራዎቹን ያከማቸውም ወደ ላይ ወጥቶ የማሳቹሴትሱን ልጅ ኖዋ ሃኒፊንን ለመምረጥ እንደነበር በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ሃኒፊን በ5ኛው ተራ ወደ ካሮላይና ሲሄድ ክለቡ ለሌላ ዓላማ የሰበሰባቸውን ሦስት ተራዎች እንደያዘ ቀረ። ልጅዎ ከዚህ ቢነሣ መልካም ይመስለኛል።

መልስ፤ የቁጥር መምህር

እመቤቴ፣ ልጅዎም እርስዎም ከፊል ትክክል ናችሁ፤ የምትለያዩት ሁለታችሁም ሦስቱን ምርጫዎች እንደ አንድ ውሳኔ ስለምታዩአቸው ነው። ሦስቱ ውሳኔዎች የተለያዩ ናቸው፤ የስሕተታቸውም መጠን እንዲሁ።

በመጀመሪያ ያመለጠ ተጫዋች የሚባለው ማን እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። በዚያው ድራፍት ፊንላንዳዊው ሰባስቲያን አሆ በ35ኛው ተራ ወደ ካሮላይና ሄዶ ታላቅ ተጫዋች ሆኗል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ዙር ሙሉ ያለ እርሱ ስላለፈ፣ እርሱን ጠቅሶ ቦስተንን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ተገቢው ንጽጽር በዚያ ቀን፣ በዚያ ተራ አካባቢ ይመረጣሉ ተብለው በግልጽ ይጠበቁ ከነበሩት ጋር ነው። ባርዛልና ኮነር በይፋ በሚታተሙት የመልማዮች ዝርዝሮች ላይ በዚያው ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የተቀመጡ ነበሩ። ባርዛል በዚያ የውድድር ዘመን በጉልበት ጉዳት ብዙ ጨዋታ ስላመለጠው አንዳንድ ክለቦች ሳይጠራጠሩት አልቀሩም፤ ኮነር ግን በአሜሪካ የወጣቶች ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የመጣ ነበር።

አሁን የቦስተንን ሦስት ልጆች በዚህ ሚዛን እንያቸው። ዝቦሪል በዚያ አካባቢ እንደሚመረጥ የሚጠበቅ ተከላካይ ነበር። ደብረስክ በምዕራብ ካናዳ የወጣቶች ሊግ ለስዊፍት ከረንት 42 ጎል አስቆጥሮ የመጣ የመስመር አጥቂ ስለሆነ እርሱም ቢሆን የሚያስገርም ምርጫ አልነበረም። ሴኒሺን ግን የተለየ ነው፤ አብዛኞቹ ዝርዝሮች ያስቀመጡት በሁለተኛው ዙር ነበር። የክለቡ ግምት ትርጉም የለሽ አልነበረም፤ ልጁ በጣም ፈጣን ነው፤ በጠንካራው የወጣቶች ቡድን በ«ሱ ሴንት ማሪ» ውስጥ ጥቂት ደቂቃ እየተሰጠው እንኳ 26 ጎል አስቆጥሯል፤ ስለዚህ ብዙ ደቂቃ ቢያገኝ የበለጠ ያስቆጥራል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ሌሎች በሁለተኛው ዙር የሚጠብቁትን ልጅ የሚፈልግ ክለብ ተራውን ወደ ታች ለውጦ ትርፍ ተራ ማግኘት፣ አለዚያም ኮነርን ወስዶ ሴኒሺንን በሚቀጥለው ዙር መሞከር ይችል ነበር። ይህ አማራጭ በዚያች ምሽት በጠረጴዛው ላይ ነበርና፣ ሲያልፍ የተገኘ ጥበብ አይደለም። እኔ ስሕተት የምለው ይህንኑ ነው።

መልስ፤ የሚኒሶታ አባት

የቁጥር መምህሩ ስለ ሴኒሺን ባሉት እስማማለሁ፤ «ከዚህ የባሰ ስሕተት የለም» ወደሚለው ድምዳሜ ግን ልጅዎ እንዳይቸኩል እለምናለሁ። ደብረስክ በ2018 ጥሎ ማለፍ ቦስተን ቶሮንቶን ባሸነፈበት ሰባተኛ ጨዋታ ሁለት ጎል አስቆጥሯል፤ በጃንዋሪ 2023 በፌንዌይ ፓርክ ፒትስበርግ 2 ለ 1 ሲሸነፍም ሁለቱንም ጎሎች ያስቆጠረው እርሱ ነው። በዚያው ድራፍት በ37ኛው ተራ የተመረጠው ብራንደን ካርሎም ለዓመታት የክለቡ የመከላከያ ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል። ይህንን የሚዘል ጽሑፍ ፍትሕ ይጎድለዋል።

ከዚህም ሌላ፣ ፓትሪስ በርዠሮንን በ45ኛ ተራ፣ ዴቪድ ክሬይቺን በ63ኛ፣ ብራድ ማርሻንድን በ71ኛ፣ ዴቪድ ፓስተርናክን በ25ኛ የመረጠው ይኸው ክለብ ነው። በእነዚያ ተራዎች ሌሎች ክለቦች ኮከቦቹን ሲያልፉ ቦስተን አግኝቷቸዋል። ከ2015 በኋላም ክለቡ አልፈረሰም፤ በ2019 ለሊጉ ዋንጫ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በሴንት ሉዊስ ተሸነፈ፤ በ2022-23 ደግሞ 65 ጨዋታ አሸንፎ በ135 ነጥብ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ።

አንድ ነገር ግን ለልጅዎ መስጠት አለብኝ። በ2023 በጋ በርዠሮንና ክሬይቺ ተከታትለው ጫማቸውን ሲሰቅሉ ቡድኑ ሁለቱን የመሃል አጥቂዎቹን በአንድ ጊዜ አጣ። ባርዛል ደግሞ የመሃል አጥቂ ነው፤ በመጀመሪያ ሙሉ የውድድር ዘመኑ፣ በ2017-18፣ 22 ጎል አስቆጥሮ ለ63 አመቻችቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሏል። ክፍተቱ ከስምንት ዓመት በኋላ የታየው እዚያ ላይ ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ መልሶቻችሁን ለልጄ አነበብኩለት። የሃሚልተንን ጉዳይ ጨርሶ አላሰበውም ነበር፤ ስለ ኮከቦቹ ተራ ሲሰማም ዝም አለ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ቀረ፤ ዝቦሪልና ሻቦት ሁለቱም ተከላካዮች ሆነው፣ ሁለቱም በሴንት ጆን ሲ ዶግስ ቡድን አብረው ይጫወቱ ነበር። መልማዮቹ አንድ ጨዋታ ገብተው ሁለቱንም ማየት ከቻሉ፣ እንዴት የተሳሳተውን ይመርጣሉ?

መልስ፤ የቁጥር መምህር

ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የተሻለው ነው፤ መልሱም የእርስዎን ክርክር ይደግፋል። በ2014-15 ዝቦሪል ከሻቦት ያነሰ ጨዋታ ቢያደርግም፣ በተጫወተው ልክ ሲሰላ የተሻለ የጎልና የማመቻቸት ቁጥር ነበረው። ያን ክረምት ሁለቱንም ያየ መልማይ ዝቦሪልን ቢያስቀድም አይደንቅም። ሻቦት የቀደመው በኋላ ነው፤ በ2017 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ዝቦሪል በአንጻሩ በጉልበት ጉዳት ጭምር ተፈትኖ ለቦስተን 76 ጨዋታ ብቻ አደረገ። የ18 ዓመት ተከላካይ ገና ያልበሰለ ፍሬ ነው፤ ከተከላካዮች መካከል ማን እንደሚበስል መገመት ከአጥቂዎችም ይከብዳል።

ሴኒሺንንም በዚህ ዓይን ይዩት። ከተመረጠ በኋላ ባለው ዓመት በወጣቶች ሊግ 45 ጎል ሲያስቆጥር፣ ብዙ ሰው «ስዊኒ ልክ ነበር» ማለት ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ግን ለቦስተን የተጫወተው 14 ጨዋታ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ውጤቱን የሚመዝንበትን ቀን አስቀድሞ ወስኖ ይጻፍ፤ በ2016 የሚጽፈውና በ2022፣ ኮነር በአንድ የውድድር ዘመን 47 ጎል ካስቆጠረ በኋላ የሚጽፈው አንድ አይሆንም።

ለአጻጻፉ የምመክረው ለስድስቱም ልጆች አንድ ሠንጠረዥ እንዲያዘጋጅ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ በድራፍቱ ቀን ይታወቅ የነበረውን ብቻ፣ ማለትም የዓመቱን ውጤት፣ ጉዳትን፣ የተጫወተበትን ሊግና በዝርዝሮች የተሰጠውን ግምት ያስገባ። በሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሆነውን ይጻፍ። ፍርዱን ሲሰጥ ግን ከመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ይነሣ፤ መምህሩ የጠየቀውም ይህንኑ ነው።

መልስ፤ የካልጋሪ ነዋሪ

በመጀመሪያው ዓምድ ላይ የልደት ቀንም ይጨመርበት። ደብረስክ የተወለደው በኦክቶበር፣ ኮነር በዲሴምበር 1996 ሲሆን፣ ሌሎቹ አራቱ የ1997 ልጆች ናቸው። በዚያ ዕድሜ የጥቂት ወራት ልዩነት በጉልበትም በፍጥነትም ይታያል። ስለዚህ ደብረስክን በቀጥታ ከኮነር ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ በሜይ 1997 ከተወለደው ከባርዛል ጋር ሲያነጻጽረው ግን ይህንን ይጥቀስ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሠንጠረዡን ትናንት ማታ አብረን ጀመርን። ልጄ የጽሑፉን ርእስ ራሱ ለውጦታል፤ አሁን የሚጽፈው ስለ ሦስቱ ምርጫዎች ሳይሆን ስለ 15ኛው ተራ ብቻ ነው፤ መነሻ ያደረገውም ሃሚልተን ወደ ካልጋሪ የሄደበትን ልውውጥ ነው። ዝቦሪልን በተመለከተ «በዚያ ቀን እኔም እርሱን እመርጥ ነበር» የሚል አንድ አንቀጽ አስገብቷል።