አባይ በረሃ ላይ ፍሬን እምቢ አለኝ፣ ዲስክ ልቀይር ወይስ ፊቱን እንዲያስተካክሉት ቶርኖ ቤት ላስገባው?

ባለቪትዟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ 2003 አውቶማቲክ ናት። ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ጎሃ ጽዮንን አልፌ ቁልቁለቱን እንደጀመርኩ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ድልድዩ ስቃረብ ደግሞ ፔዳሉ ልክ እንደ ስፖንጅ ሆኖ እስከ ታች ገባብኝ፣ ሁለት ሶስቴ ደጋግሜ ስረግጠው ነው የያዘልኝ። ልጄ ከኋላ ተኝታ ነበር፣ እስካሁን ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ዳር ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ፣ ከፊት ጎማው የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ከዛ ስነሳ ፍሬኑ ደህና ሆነ። አዲስ አበባ ስመለስ የሰፈር ጋራዥ ወሰድኳት፣ ጎማ እንኳን ሳይፈቱ ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስኩም፣ እሱን ጨምቆ የሚይዘው ፓዱም፣ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓውም ይቀየር አሉኝ። ፓዱን ግን እዛው ከቀየርኩ ገና ሶስት ወሩ ነው! ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፍሬን ሰሪው፦
እህቴ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። እኔ ፍሬን ብቻ የሚሰራ ቤት ውስጥ ነው የምሰራው፣ ያንቺ ነገር ሁለት የተለያየ ችግር ነው። መንቀጥቀጡ ከዲስክ ነው፣ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ወይ ሲገጠም ከስሩ ዝገት ካልተጸዳ መሪ ላይ ይመታል። ፔዳሉ የገባው ግን ዘይቱ ስለፈላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል፣ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ መቻል አለበት፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ለዛ ነው ፔዳሉ ባዶ የሆነብሽ፣ ሲበርድ የተመለሰውም ለዛ ነው። ፖምፓው ቢሆን ኖሮ ከበረደም በኋላ ያስቸግርሽ ነበር። ሞተር አስነስተሽ ፔዳሉን ረግጠሽ ያዢው፣ ቀስ እያለ ካልሰመጠ ፖምፓ አታስቀይሪ። ዲስኩን በካሊፐር መለኪያ ያስለኩልሽ፣ ዝቅተኛው ውፍረት እራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ ከዛ በታች ከሆነ ቶርኖ ቤት አይገባም፣ ይቀየራል። ሳይለካ ቀይሪ የሚልሽን አትስሚ በናትሽ።

የጎጃም መስመር ሹፌር፦
ወንድማችን ልክ ነው፣ ግን አነዳዱም አለበት። አባይን በዲ ማርሽ ፍሬን እየያዙ አይወረድም እህቴ፣ ከላይ ገና ሳትጀምሪ ማርሹን 2 ላይ አድርጊው፣ ጠመዝማዛው ላይ ዝቅተኛው ማርሽ ኤል ላይ፣ ሞተሩ ይጮሃል አትደንግጪ፣ እሱ ነው የሚይዝልሽ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ያዢና ልቀቂው፣ እግርሽን ጭነሽ አትውረጂ።

ባለቪትዟ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ፍሬን ብቻ የሚሰራ ቤት ሄጄ ቆሜ አስፈታሁት። የግራ ፊት የፍሬን ካሊፐር (ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ተጣብቋል፣ የውስጠኛው ፓድ ብረቱ ሊደርስ ነው የውጪው ግን አዲስ ይመስላል፣ ለካ ሁሌም ይዞ ነበር የሚሄደው። ዲስኩ ከተጻፈው ቁጥር ወርዷል፣ ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። ፖምፓው ግን ደህና ነው! ፓድ ሲቀይሩ ፒኑን አውጥተው ግሪስ ቢቀቡት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ሁለቱን የፊት ዲስክና ፓድ ቀየርኩ፣ ዘይቱንም በዶት 4። ከድሮው ዶት 3 ጋር ችግር የለውም አይደል?

ፍሬን ሰሪው፦
የለውም፣ እንደውም ዶት 4 ሙቀት ይችላል። ዶት 5 የሚለውን ብቻ እንዳይጨምሩብሽ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ አይቀላቀልም። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሪው፣ የኋላውን ታምቡርም ከፍተው ከውስጥ የሚይዘውን ሸራ ይዩልሽ። ፓዱ አዲስ ስለሆነ ደግሞ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 እያወረድሽ አስር ጊዜ ያህል ያዢ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሚ፣ በየመሀሉ እንዲበርድ ትንሽ ንጂው።