የልጄን የአጥንት እጢ ያለ ቀዶ ጥገና በአልትራሳውንድ ላሳክም? እባካችሁ የምታውቁ

ሰላም ለሁላችሁ። የ13 ዓመት ልጄ ጭኑ አጥንት ላይ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የሚባል እጢ ተገኝቶበታል። ካንሰር አይደለም፣ ተመስገን። ግን ሌሊት ሌሊት ክፉኛ ያመዋል፤ አይቡፕሮፌን ሲውጥ ቀለል ይለውና ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ማቃሰት ይጀምራል፣ እንዲህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈን።

እጢው 1 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ይህን ሁሉ ስቃይ ያመጣው እሱ መሆኑን ማመን ይከብዳል።

ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጠን። አንዱ በሲቲ ስካን እየታየ መርፌ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ እጢውን በሙቀት የሚያቃጥልበት ነው። ብዙ የተሠራበት መንገድ ነው። ሌላው በኤምአርአይ እየተመራ የአልትራሳውንድ ሞገድ አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ የሚያሞቅበት ነው። ቆዳ አይቀደድም፣ ጨረርም የለውም፤ ሙቀቱ የት እንደደረሰ ኤምአርአዩ እዚያው ስለሚያሳይ ሐኪሙ እያየ ያስተካክላል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ እጢ የተፈቀደው በ2020 ነው።

ልቤ ወደ ሁለተኛው አደላ። ግን ሌላ ሐኪም ሳማክር እጢው ነርቭ አጠገብ ስለሆነ ሙቀቱ እንዳይነካው እሰጋለሁ አለኝ። እዚህ ጋ ተጣበቅኩ።

በዚህ መንገድ የታከመ ወይም ልጁን ያሳከመ አለ? ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጣችሁ? ሕመሙ በስንት ቀን ለቀቀ፣ ተመልሶስ መጣ? ለነርቭ ቅርብ የሆነ እጢ የነበረባችሁ ካላችሁ ደግሞ ሐኪሞቹ ርቀቱን እንዴት እንደወሰኑ ንገሩኝ። በሚቀጥለው ሳምንት መልስ መስጠት አለብኝ።