«ብቸኛ ቁጥር» ብቸኛነቱ ከምን ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ልጄን ሒሳብ ሳስጠናት «ብቸኛ ቁጥር» የሚለው ላይ ደርሰን ቆምን። «ለምን ብቸኛ ተባለ? ጓደኛ የለውም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እንግሊዝኛው ፕራይም ነው፣ «መጀመሪያ» ማለት ይመስለኛል። የእኛው ከየት መጣ?

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ፕራይም «መጀመሪያ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ዐረብኛውም «አወሊ» ብሎ በዚያው ሄዷል። አማርኛ ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። «ብቸኛ ሰው» ስንል ሰው የራቀው ማለታችን ነው። «ብቸኛ ልጅ» ስንል ደግሞ ሌላ የሌለ፣ እሱ ብቻ። ለቁጥሩ የሚስማማው ይሄኛው ነው፤ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የለውም።

በሲኒ አሳያት። 12 ሲኒ 3 በ4፣ ወይም 2 በ6 ተደርድሮ ልክ ይመጣል። አንድ ጨምሪበት። 13ቱን እንደፈለግሽ ብታገላብጪው እኩል ረድፍ አይወጣለትም፤ በአንድ መስመር ማሰለፍ ብቻ ነው ያለሽ። «ብቻ» የምትለዋ ቃል እዚያ ላይ ናት።

ትልቅ ሲሆን ነው ጉዱ። 2,147,483,647ን ውሰጂ። 2ን 31 ጊዜ በራሱ አባዝተሽ 1 ስትቀንሺ የሚመጣው ነው፤ ኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ ያኔ ዓይኑ ከማየት ሊቆም ምንም አልቀረውም። ሁሉንም ቁጥር እየሞከረ አልነበረም። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር፣ ለ248 ሲካፈል ቀሪው ወይ 1 ወይ 63 መሆን አለበት። ከነዚህም ራሳቸው ብቸኛ የሆኑት ብቻ ይሞከራሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ነው፤ ቀጥሎ ዘሎ 1303። እንዲህ እየዘለሉ እስከ 46,340 ከሄዱ በቂ ነው፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ያልፈዋል። አንዱም እኩል አላካፈለውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ሌላ ጥያቄ፦ እንደዚያ ከሆነ 1ስ? ከሱ በላይ ብቸኛ ማን አለ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ስሙ እዚህ ላይ ያሳስታል። ብቸኛ ቁጥር ሁለት አካፋይ ይፈልጋል፤ 1 ያለው አንድ ነው። ደግሞ 1ን ብናስገባው 12ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ስንበትነው መጨረሻው ይጠፋል። አሁን 2 × 2 × 3 ብለን እንጨርሳለን። 1 ከገባ ግን 1 × 2 × 2 × 3፣ 1 × 1 × 2 × 2 × 3 እያለ ማለቂያ የለውም።

ጠያቂዋ፦ ልጄ ደግሞ «መጽሐፉ 11 እና 13 መንታ ናቸው ይላል፤ ብቸኛ እንዴት መንታ ይኖረዋል?» ትላለች።

መልስ፦ ጎበዝ ልጅ! መንታ የሚባሉት በ2 ብቻ የሚራራቁ ስለሆኑ ነው። የመካፈልና የጉርብትና ነገር ይለያያል። የኦይለሩ ቁጥር ግን መንታም የለውም። በ2 የሚያንሰው ለ5 ይካፈላል፣ በ2 የሚበልጠው ለ3። ከበታቹ ያለው ቅርብ ብቸኛ ቁጥር 18 እርምጃ ወደኋላ ነው፤ ከበላዩ ያለው 12 እርምጃ ወደፊት። ለሱስ «ብቸኛ» በሁለቱም ትርጉሙ ይሠራል።